ዲሙሩ፦ መሬታቸውንም ባሕራቸውንም ራሳቸው የሚጠብቁት ዮልንጉዎች

ስለ አውስትራሊያ ነባር ሕዝቦች ሲወራ አብዛኛውን ጊዜ የምንሰማው የተወሰደባቸውን ነው። መሬታቸው ተወሰደ፣ ልጆቻቸው ተወሰዱ፣ ቋንቋቸው ጠፋ። ይህ ሁሉ ሆኗል፤ የሚካድ አይደለም። ዛሬ ይዘንላችሁ የመጣነው ግን ከዚያ በኋላ ስላለው ጥያቄ ነው። መሬቱ በሕግ «የእናንተ ነው» ከተባለ በኋላ ማን ይጠብቀዋል? በምን ገንዘብ? በማን ሕግ?

ለዚህ ጥሩ ማሳያ ሆኖ ያገኘነው በሰሜን አውስትራሊያ ጫፍ የሚሠራ «ዲሙሩ» የሚባል የነባር ሕዝቦች ድርጅት ነው። ታሪኩን ከመሠረቱ እንየው። ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በጨረፍታ

• ሙሉ ስም፦ ዲሙሩ አቦርጂናል ኮርፖሬሽን
• የተመሠረተው፦ በ1992
• ቢሮው ያለው፦ ኑሉንቡይ ከተማ፣ ሰሜን ምሥራቅ አርነም ላንድ፣ ኖርዘርን ቴሪቶሪ
• ባለቤቶቹ፦ የአካባቢው የዮልንጉ ጎሳዎች
• የሚጠብቀው፦ ከ500 ሺህ ሄክታር በላይ፤ አብዛኛው ባሕር ነው
• የስሙ ትርጉም፦ የምሥራቅ ነፋስ

«ኮርፖሬሽን» ሲባል ትርፍ የሚያካፍል ትልቅ ኩባንያ እንዳይመስላችሁ። በአውስትራሊያ የነባር ሕዝቦች ማኅበረሰቦች በጋራ ድርጅት ሲያቋቁሙ የሚመዘገቡበት የራሱ ሕግ አለ። ዲሙሩም በዚያ ሕግ የተመዘገበ፣ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ነው። ከላይ ሆነው የሚወስኑት የመሬቱ ባለቤት የሆኑት ዮልንጉዎች ናቸው።

ቦታው የት ነው?

አርነም ላንድ ወደ 97 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሰፋ የአቦርጂናል መሬት ነው። ማንም እየተነሳ አይገባበትም፤ ፈቃድ ያስፈልጋል። በሰሜን ምሥራቅ ጥጉ ላይ ጎቭ የሚባል ባሕረ ገብ መሬት አለ። እዚያ ላይ ከ3 ሺህ በላይ ሰው የሚኖርባት ኑሉንቡይ የምትባል ከተማ ተሠርታለች። ከዋናው ከተማ ከዳርዊን በመኪና ወደ 1,000 ኪሎ ሜትር ትርቃለች። አብዛኛው መንገድ አስፋልት የለውም፤ ዝናቡ ሲገባ ደግሞ ይዘጋል።

ኑሉንቡይ ከምንም ተነስታ በአንዴ የተሠራች የማዕድን ከተማ ናት። ከአጠገቧ ያለችው ይርካላ ግን የዮልንጉ መንደር ናት፤ የዚህ ታሪክ ብዙው ክፍል የሚጀምረውም ከእሷ ነው።

ዮልንጉዎች ዓለምን ሁሉ በሁለት ወገን ይከፍሉታል፦ ዱዋ እና ይሪትጃ። ሰው፣ እንስሳ፣ ዛፍ፣ ቦታ፣ ነፋስ ሳይቀር ወይ ከዚህ ነው ወይ ከዚያ። ጋብቻ የሚፈቀደው ከሌላው ወገን ጋር ብቻ ነው። ስለዚህ እናትና ልጅ ሁሌም የተለያየ ወገን ናቸው። መሬት በአባት በኩል ይወረሳል፤ ልጅ ግን የእናቱን ጎሳ መሬት የመጠበቅ ግዴታ አለበት። ይህ የእናትና የልጅ ግንኙነት በቋንቋቸው «ዮቱ ዪንዲ» ይባላል። በ1991 «ትሪቲ» በሚለው ዘፈኑ የታወቀው የሙዚቃ ባንድ ስሙን የወሰደው ከዚሁ ነው።

ይህን ማወቅ የሚጠቅመን ለአንድ ነገር ነው። ለዮልንጉ ጥበቃ ከውጭ የመጣ ፕሮጀክት አይደለም። የአባትህ ርስት ባለቤት፣ የእናትህ ርስት ደግሞ ጠባቂ ሆነህ ነው የምትወለደው።

«አገር» ሲሉ ምን ማለታቸው ነው?

በአማርኛ «አገርህ የት ነው?» ስንባል አንዳንዴ «ኢትዮጵያ» እንላለን፣ አንዳንዴ ደግሞ ያደግንባትን ቀበሌ ወይም የአያቶቻችንን ቀዬ እንጠራለን። የዮልንጉዎቹ «ዋንጋ» ለዚህ ለሁለተኛው ይቀርባል። ቤትም ነው፣ ሰፈርም ነው፣ መሬትም ነው።

ልዩነቱ፣ የእነሱ አገር የባሕሩ ዳር ላይ አያበቃም። ከውሃው በታች ያለው ድንጋይ፣ የውሃው ጅረት፣ ዓሣው የሚሄድበት መንገድ ሁሉ ስም አለው፣ ባለቤት ጎሳ አለው፣ ዜማ አለው። ለዚህ ነው ነባር ሕዝቦቹ «የመሬት አገር» እና «የባሕር አገር» እያሉ አንድ ላይ የሚጠሩት።

ባሕሩ ደግሞ ለዘመናት የንግድ መንገድም ነበር። በዛሬዋ ኢንዶኔዢያ ከሱላዌሲ ደሴት የሚነሱ የማካሳር ነጋዴዎች በነፋስ ወቅት እየመጡ፣ ለቻይና ገበያ የሚሸጥ «ትሪፓንግ» የሚባል የባሕር እንስሳ ይሰበስቡ ነበር። በ1900ዎቹ መጀመሪያ ላይ መንግሥት እስኪያስቆማቸው ድረስ ይህ ቀጥሏል። ዛሬም ዮልንጉዎች ገንዘብን «ሩፒያ»፣ ነጭን ሰው ደግሞ «ሆላንዳዊ» ከሚለው በመጣ ቃል «ባላንዳ» ይላሉ። ሁለቱም ቃላት በመርከብ የመጡ ናቸው።

ከአቤቱታው እስከ ሕጉ

ጎቭ ላይ ብዙ ቦክሳይት አለ። ቦክሳይት አሉሚኒየም የሚሠራበት ቀይ አፈር መሳይ ድንጋይ ነው። በ1963 የአውስትራሊያ መንግሥት ከ300 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ መሬት ከአቦርጂናል ክልሉ ቆርጦ ለማዕድን ለመስጠት ወሰነ። ባለቤቶቹን የጠየቀ የለም።

የይርካላ ሽማግሌዎች ያደረጉት ነገር በአውስትራሊያ ታሪክ ውስጥ ትልቅ ቦታ አለው። አቤቱታቸውን በራሳቸው ቋንቋና በእንግሊዝኛ በታይፕ ጽፈው፣ የጎሳዎቻቸው ሥዕል በተሣለበት የዛፍ ቅርፊት ላይ ለጥፈው ለፓርላማ ላኩት። ሥዕሉ ጌጥ አልነበረም። ለእነሱ የመሬቱ ካርታና የባለቤትነት ደብተር እሱ ነው። ፓርላማው ተቀበለው፣ ኮሚቴም አቋቋመ። ማዕድኑ ግን አልቆመም። ያ አቤቱታ ዛሬ ካንቤራ በፓርላማው ሕንፃ ውስጥ ለእይታ ተቀምጧል።

ቀጥለው ፍርድ ቤት ሄዱ። ዳኛ ብላክበርን በ1971 በሰጡት ፍርድ ዮልንጉዎች የተደራጀና የረቀቀ የራሳቸው ሕግ እንዳላቸው አመኑ፤ ግን የአውስትራሊያ ሕግ እንዲህ ያለውን የጋራ ባለቤትነት አያውቀውም ብለው ፈረዱባቸው። ሕግ አላችሁ፣ መሬት ግን የላችሁም እንደማለት ነው።

ሽንፈቱ ግን ነገር አንቀሳቀሰ። አጣሪ ኮሚሽን ተቋቋመ፤ በ1976 የኖርዘርን ቴሪቶሪ የአቦርጂናል የመሬት መብት ሕግ ወጣ። በዚህ ሕግ አርነም ላንድ የአቦርጂናል መሬት ሆነ። የማዕድን ውሉ ግን እንዳለ ቀጠለ፤ ከተማዋም ቀጠለች።

ታዲያ ዲሙሩ ለምን አስፈለገ?

እስቲ አስቡት። መሬቱ በወረቀት የእናንተ ሆኗል። አጠገባችሁ ግን ከሌላ ቦታ ለሥራ የመጡ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች የሚኖሩባት ከተማ አለች። እነዚህ ሰዎች ቅዳሜና እሑድ ሲሆን ባለ አራት ጎማ መንጃ መኪናቸውን ይዘው ወደ ባሕሩ ዳር ይወጣሉ። አሸዋው ላይ ይነዳሉ፣ ዓሣ ያጠምዳሉ፣ ይሰፍራሉ፣ ቆሻሻ ጥለው ይመለሳሉ። ብዙዎቹ ክፉ ሰዎች አይደሉም። ግን የሚነዱበት አሸዋ የባሕር ኤሊ እንቁላል የቀበረበት ሊሆን ይችላል፤ ድንኳን የተከሉበት ቦታ ደግሞ በዮልንጉ ሕግ ማንም እንዲረግጠው የማይፈቀድ ሊሆን ይችላል።

የባለቤትነት ሰነዱ ይህን አያቆመውም። የሚያቆመው በየቀኑ ቦታው ላይ የሚገኝ፣ መንገድ የሚከልል፣ ፈቃድ የሚሰጥና የሚከለክል፣ ለመጣው ሰው የሚያስረዳ አካል ነው። በ1992 የአካባቢው ጎሳዎች ዲሙሩን ያቋቋሙት ለዚህ ነው። ሐሳቡን ከመሩት ሽማግሌዎች አንዱ ሮይ ማሪካ ነበሩ። እሳቸው በመሬት መብት ትግሉ ውስጥ ከመጀመሪያው ጀምሮ የነበሩና «የዮልንጉ የመሬት መብት አባት» ተብለው የሚጠሩ ሰው ናቸው። ለድርጅቱ የተዉት መመሪያ መንፈሱ ግልጽ ነው፦ ከሌሎች ጋር እንሠራለን፣ ከሌሎች እንማራለን፣ በመሬቱ ላይ የሚወስኑት ግን ባለቤቶቹ ናቸው።

የሚገርመው ዓመቱም ራሱ ነው። በዚያው በ1992 የአውስትራሊያ የመጨረሻው ፍርድ ቤት ማቦ በሚባለው ጉዳይ የ1971ዱን አስተሳሰብ ገልብጦ፣ ነባር ሕዝቦች እንግሊዞች ከመምጣታቸው በፊት የነበራቸው የመሬት መብት በሕግ ሊታወቅ እንደሚችል ወሰነ።

ሬንጀሮቹ ምን ይሠራሉ?

የዲሙሩ ዋና ጉልበት ሬንጀሮቹ ናቸው። በኛ ፓርኮች «ስካውት» ከሚባሉት ጋር ይመሳሰላሉ። ወንዶችም ሴቶችም አሉበት፤ ብዙዎቹ እዚያው የተወለዱ ናቸው። ሥራቸውን ከፋፍለን እንየው።

1. ፈቃድና እንግዳ

ከኑሉንቡይ ወጣ ብሎ መዝናናት የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ከዲሙሩ ፈቃድ ይወስዳል። ለመዝናኛ የተከፈቱ ቦታዎች ተለይተው የታወቁ ናቸው። አንዳንዶቹ የመኪና ቁጥር ይገደብባቸዋል፣ አንዳንዶቹ የለቅሶ ወይም የባህል ሥርዓት ሲኖር ይዘጋሉ፣ ጭራሽ የማይከፈቱም አሉ። ሬንጀሮቹ ምልክት ይተክላሉ፣ መኪና እንዳይገባ አጥር ይሠራሉ፣ የመዋኛና የመስፈሪያ ቦታዎችን ይንከባከባሉ። አካባቢው ሰው የሚበላ የባሕር ውሃ አዞ ያለበት ስለሆነ እሱንም ይከታተላሉ። ይህኛው ቀላል አይደለም፤ አዞ «ባሩ» ተብሎ ለአንዳንድ ጎሳዎች የዘር ምልክትና የተከበረ ፍጡር ነው።

2. ባለቤት አልባ መረብ

ይሄ ምናልባት ከሁሉም ከባዱ ነው። ከአርነም ላንድ በስተሰሜን ባለው የአራፉራ ባሕር ላይ የብዙ አገር መርከቦች ያጠምዳሉ። መረብ ይበጠሳል፣ ይጣላል፣ ይረሳል። መረቡ ግን ማጥመዱን አይተውም። ናይለን ስለሆነ አይበሰብስም፤ ለዓመታት በባሕር ላይ እየተንሳፈፈ ያገኘውን ሁሉ ይይዛል። በእንግሊዝኛ «ጎስት ኔት» ይሉታል፤ ጎስት ማለት የሙት መንፈስ ነው። ስሙ ገላጭ ነው፣ ሰው የሌለበት አጥማጅ ነዋ!

በበጋው ወራት ከደቡብ ምሥራቅ የሚነፍሰው ነፋስ እነዚህን መረቦች እየገፋ ወደ ጎቭ ምሥራቃዊ ዳርቻ ያመጣቸዋል። ናንጃካ ወይም በእንግሊዝኛ ኬፕ አርነም የሚባለው ቦታ ፊቱን ለዚያ ነፋስ የሰጠ ስለሆነ ብዙው የሚከማቸው እዚያ ነው። የአውስትራሊያ ብሔራዊ የሳይንስ ተቋም «ሲሳይሮ» እንደሚለው በሰሜን አውስትራሊያ አንዳንድ ዳርቻዎች በዓመት በአንድ ኪሎ ሜትር እስከ 3 ቶን መረብ ይወጣል። የተቋሙ ተመራማሪዎች ሬንጀሮች ከባሕር ዳር የሰበሰቧቸውን ወደ 9 ሺህ የሚጠጉ መረቦች አጥንተው፣ እነዚያ መረቦች ብቻ ከ5 ሺህ እስከ 15 ሺህ የሚደርሱ የባሕር ኤሊዎችን ሳይዙ እንዳልቀሩ ገምተዋል።

የዲሙሩ ሬንጀሮች ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ዳርቻውን እየዞሩ መረቡን ይመዘግባሉ፣ ይቆርጣሉ፣ በመኪና ይጎትታሉ። ኤሊ በሕይወት ካገኙ ፈትተው ወደ ባሕር ይለቃሉ። መረቡ ከየት አገር እንደመጣ በአሠራሩና በገመዱ ዓይነት ይለያል፤ መዝገቡ የሚጠቅመው ለዚህ ነው። ስለ ችግሩ ከጎረቤት አገሮች ጋር ለመነጋገር ማስረጃ የሚሆነው ሬንጀሮቹ አሸዋ ላይ ቆመው የጻፉት ነው።

3. የባሕር ኤሊ

በዓለም ካሉት ሰባት የባሕር ኤሊ ዝርያዎች ስድስቱ በአውስትራሊያ ባሕር ይገኛሉ። ጀርባው ጠፍጣፋ የሆነው አንደኛው ዝርያ እንቁላሉን የሚጥለው በአውስትራሊያ ብቻ ነው። ዮልንጉዎች ኤሊን «ሚያፑኑ» ይሉታል። ምግባቸው ነው፣ እንቁላሉንም ይበላሉ፣ በሥርዓታቸው ውስጥም አለ። ለራሳቸው ፍጆታ ማደናቸው በአውስትራሊያ ሕግ የተፈቀደ ነው።

«ታዲያ የሚበላውን እንዴት ነው የሚጠብቁት?» የሚል ካለ፣ መልሱ እዚያው ውስጥ አለ። ልጆቻቸው ነገም እንዲበሉት ከፈለጉ ዛሬ መቁጠር አለባቸው። በ1990ዎቹ ከሳይንቲስቶች ጋር በጀመሩት የሚያፑኑ ጥናት የት እንደሚጥሉ፣ ምን ያህል እንቁላል እንደሚሰበሰብ፣ በመረብ ምን ያህሉ እንደሚያዙ መዝግበዋል። ለዚህ የተጠቀሙበት ቃል «ጃካ» ነው፤ መንከባከብ ማለት ነው። ለሕፃንም፣ ለአረጋዊም፣ ለኤሊም ያው ነው።

4. ከውጭ የመጣው ጉንዳን

«ቢጫው እብድ ጉንዳን» የሚል ስም የተሰጠው አንድ ወራሪ ጉንዳን አለ። እብድ የተባለው ሲነካ በየአቅጣጫው ስለሚራወጥ ነው። አይናከስም፤ አሲድ ይረጫል። በገባበት ቦታ ሌሎቹን ነፍሳት ያጠፋል። በሰሜን ምሥራቅ አርነም ላንድ በ1980ዎቹ ተመዝግቧል። አደጋው ለየት የሚለው፣ በዓለም ላይ በዚያ አካባቢ ብቻ የሚገኝ «ጎቭ ክሮው» የሚባል ቢራቢሮ ስላለ ነው።

ዲሙሩ ከሲሳይሮ ጋር ሆኖ ዓመታት የፈጀ ዘመቻ አካሂዷል። አሠራሩ አሰልቺ ነው። ሰዎች ጫካ ገብተው በእግር እየዞሩ ጉንዳኑ ያለበትንና የሌለበትን ቦታ ካርታ ላይ ያወጣሉ። ከዚያ የተመረዘ ማጥመጃ ምግብ በእጅና በሄሊኮፕተር ይበተናል። ከዚያ እንደገና ተመልሰው ያያሉ፤ አንድ ጎጆ ከቀረ ሥራው ከአዲስ ይጀመራል። የትኛው ጫካ ውስጥ በየት በኩል መግባት እንደሚቻልና እንደማይቻል የሚያውቁት ደግሞ ሬንጀሮቹ ናቸው።

5. እሳት

እሳት ማጥፋት ብቻ ሳይሆን መለኮስም ሥራቸው ነው። ዝናቡ እንዳቆመ ሣሩ ገና እርጥበት ሳለ በትንሽ በትንሹ ያቃጥላሉ። እሳቱ ቀዝቃዛ ነው፣ ማታ ጤዛው ያጠፋዋል፣ ዛፉን አይነካም። ይህ ካልተደረገ በበጋው መጨረሻ ሁሉም ደርቆ ሲጠብቅ የሚነሳው ትልቅ እሳት ጫካውን ይጨርሰዋል። ዮልንጉዎች ይህን ሲያደርጉ የኖሩት ለሺህ ዓመታት ነው።

6. ትምህርት

«ለርኒንግ ኦን ካንትሪ» በሚባል ፕሮግራም የይርካላ ተማሪዎች ከሬንጀሮችና ከሽማግሌዎች ጋር ወደ መስክ ወጥተው ይማራሉ። ሒሳቡን መረብ በመመዘን፣ ሳይንሱን ውሃ በመለካት፣ የአባቶችን ዕውቀት ደግሞ ከሽማግሌዎች አፍ። ነገ ሬንጀር የሚሆነው ከእነዚሁ ልጆች ውስጥ ነው።

በራስ ፈቃድ የተከለለ ቦታ

ብዙ አገር ላይ ብሔራዊ ፓርክ ሲከለል መንግሥት መሬቱን ወስዶ ነዋሪውን ያስወጣል። በአውስትራሊያ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሌላ መንገድ ተሞክሯል። ነባር ሕዝቦች በገዛ መሬታቸው ላይ፣ በፈቃዳቸው «ይህን ቦታ ለጥበቃ እናውለዋለን» ብለው ያውጃሉ፤ መንግሥት ያግዛል። ባለቤትነቱ ከእጃቸው አይወጣም። የመጀመሪያው በ1998 በደቡብ አውስትራሊያ ታወጀ። ዲሙሩ የራሱን ያወጀው በ2000 ሲሆን፣ መጠኑ 100 ሺህ ሄክታር ገደማ ነበር፤ ባሕርን ካካተቱት ቀደምቶቹ አንዱም ነው። በ2013 ክልሉ ብዙ ባሕር ጨምሮ ከ500 ሺህ ሄክታር አልፏል። ዛሬ እንዲህ ያሉ ቦታዎች ከአውስትራሊያ የጥበቃ መሬት ግማሽ ያህሉን ይይዛሉ።

የኖርዘርን ቴሪቶሪ የፓርኮች መሥሪያ ቤትም ከዲሙሩ ጋር በውል ይሠራል። የመንግሥት ሬንጀር ዲሙሩ ጋር ተመድቦ ይሠራል እንጂ ዲሙሩ በመንግሥት ሥር አልገባም። ይህን ጥምረት «ሁለቱም መንገድ» ይሉታል፦ የዮልንጉ ዕውቀትና የምዕራቡ ሳይንስ ጎን ለጎን።

ባሕሩስ የማን ነው?

እዚህ ጋ ነገሩ ይከርራል። በ1996 ከዲሙሩ ክልል በስተደቡብ ባለው ብሉ መድ ቤይ አካባቢ ሕገወጥ አጥማጆች የሰፈሩበት ቦታ ተገኘ። ለዚያ ጎሳ የባሩ፣ የአዞው ቅዱስ ስፍራ ነው። እዚያ ላይ የተቆረጠ የአዞ ራስ በጆንያ ተጠቅልሎ ተጥሎ ነበር።

የዮልንጉዎቹ ምላሽ ሥዕል ሆነ። 47 ሠዓሊዎች ተነስተው ስለ ባሕራቸው በዛፍ ቅርፊት ላይ 80 ሥዕሎች ሠሩ። እያንዳንዱ ሥዕል የአንድን የባሕር ክፍል ባለቤትና ሕግ የሚናገር ነው። ልክ እንደ 1963ቱ አቤቱታ! ሥዕሎቹ ዛሬ ሲድኒ በሚገኘው የአውስትራሊያ ብሔራዊ የባሕር ሙዚየም ውስጥ አሉ።

ጉዳዩ ፍርድ ቤትም ደረሰ። በሐምሌ 2008 የአገሪቱ የመጨረሻው ፍርድ ቤት፣ ባሕሩ ሲሞላ የሚሸፈነውና ሲሸሽ የሚጋለጠው የዳርቻ ክፍል፣ በላዩ ያለውን ውሃ ጨምሮ፣ ያለ ባለቤቶቹ ፈቃድ አይገባበትም ብሎ ወሰነ። ውሳኔው ከኖርዘርን ቴሪቶሪ የባሕር ዳርቻ 80 በመቶ ያህሉን ይነካል። ከዚያ ወዲያ ያለው ጥልቅ ባሕር ግን በዚህ ውሳኔ አልተሸፈነም። ዲሙሩ ደግሞ ከውሳኔው በፊት፣ በ2006፣ የራሱን የባሕር አገር ዕቅድ አውጥቶ ነበር፦ ሕጉ የማይደርስበትን በስምምነትና በዕቅድ ለመድረስ።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል?

ትልቁ ድርሻ ከፌዴራል መንግሥት የጥበቃና የሬንጀር በጀት ነው። የፈቃድ ክፍያ፣ የሥራ ውሎችና የአጋሮች እርዳታም አለ። ቀድሞ ብዙዎቹ የነባር ሕዝቦች ሬንጀሮች የሚከፈላቸው ለሥራ አጦች በተዘጋጀ የድጎማ ፕሮግራም ነበር። ያን ሁሉ እየሠሩ በወረቀት ግን ሥራ አጥ እንደማለት ነው። ከ2007 ጀምሮ ፌዴራል መንግሥቱ ለሬንጀርነት ራሱን የቻለ ደመወዝ መክፈል ጀመረ። አሁን ያለው መንግሥትም እስከ 2030 የነባር ሕዝቦች ሬንጀሮችን ቁጥር በእጥፍ ለማሳደግ ቃል ገብቷል።

ችግሩ በጀቱ በየጥቂት ዓመቱ የሚታደስ ውል መሆኑ ነው። ውሉ ሲያልቅ የሬንጀሩ ሥራም አብሮ ጥያቄ ውስጥ ይገባል፤ መረቡ ግን ውል አይጠብቅም።

ወደፊትስ?

ሁለት ትልልቅ ነገሮች እየመጡ ነው።

አንደኛ፣ ማዕድኑ እያለቀ ነው። ሪዮ ቲንቶ የአሉሚና ፋብሪካውን በ2014 ሲዘጋ ከ1,000 በላይ ሥራ ጠፋ። የቦክሳይት ቁፋሮውም በዚህ አሥር ዓመት መጨረሻ ላይ ይቆማል ተብሎ ይጠበቃል። ያን ጊዜ የተቆፈረውን መሬት መልሶ ማዳን፣ ከተማዋን ለዮልንጉዎች ማስረከብ፣ ለወጣቱ ሥራ መፍጠር የሚሉ ጥያቄዎች በአንዴ ይመጣሉ። ከማዕድኑ በኋላ እዚያ የሚቀር ቋሚ ሥራ ከተባለ ደግሞ ጥበቃው ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው።

ሁለተኛ፣ የ1963ቱ ጥያቄ እስካሁን አልተዘጋም። የጉማጅ ጎሳ መሪ የነበሩት ጋላርዉይ ዩኑፒንጉ በ2019 ስለዚያ መሬት ካሣ ጠየቁ። በ2023 አረፉ። በመጋቢት 2025 የመጨረሻው ፍርድ ቤት የመንግሥትን ይግባኝ ውድቅ አድርጎ፣ መንግሥት የነባር ሕዝቦችን የመሬት መብት ሲያጠፋ እንደማንኛውም ንብረት ተገቢ ካሣ ሊጠየቅ እንደሚችል ወሰነ። የገንዘቡ መጠን በቀጣይ ሂደት የሚታይ ነው። አቤቱታው ከተላከ ከ60 ዓመት በላይ ሆኖታል።

ለመሄድ ላሰባችሁ

አውስትራሊያ ያላችሁ ቤተሰቦቻችን፣ ወደ ጎቭ ብቅ ለማለት ካሰባችሁ ሁለት ፈቃድ እንደሚያስፈልግ አስታውሱ። በመኪና አርነም ላንድን ለማቋረጥ ከኖርዘርን ላንድ ካውንስል፣ በኑሉንቡይ ዙሪያ ባሉት የመዝናኛ ቦታዎች ለመግባት ደግሞ ከዲሙሩ። ቀድማችሁ ጠይቁ፤ የተዘጋ ቦታ ካለም ምክንያት አለውና አትለፉት። ዳርቻው ላይ መረብ ካያችሁ ቦታውን ይዛችሁ ለሬንጀሮቹ ንገሯቸው። ውሃው አጠገብ ደግሞ አትዘናጉ፣ አዞ አለ።